ከፉሪ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ፦ ከሁለት ልጆች ጋር በ8 ቀን

ጥያቄው፦ «የምንኖረው ፉሪ ነው፤ ከቤታችን እስከ ባቡር ጣቢያው በባጃጅ 10 ደቂቃ አይሞላም። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን (7 እና 12 ዓመት) ጋር በጥር መጨረሻ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ጅቡቲ ሄደን ባሕር ለማየት አስበናል። ማናችንም ባሕር አይተን አናውቅም። ዋና የምችለው እኔ ብቻ ነኝ፣ እሱም ትንሽ ነው። ያለን ጊዜ 8 ቀን ነው። የጅቡቲን ከተማ ብቻ አይተን መመለስ አንፈልግም፤ ታጁራንና ኦቦክን፣ ያልተነካ ገጠሩንም ማየት እንፈልጋለን። በምን እንሂድ? ምን እንያዝ?»

ምላሽ፦

በባቡር ሂዱ፣ በአውሮፕላን ተመለሱ። ከስምንቱ ቀን ሦስቱን ሌሊት ለታጁራ ስጡ፤ ኦቦክን በዚህ ጉዞ ተዉት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ በየቦታው አስረዳለሁ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር፦ ባሕር አይቶ የማያውቅ ቤተሰብ ባሕሩን ይፈራና ወረቀቱን ይንቃል። ጉዞው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ላይ ሳይሆን ደወሌ፣ ድንበሩ ኬላ ላይ ነው። ስለዚህ ከወረቀቱ እንጀምር።

ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ፓስፖርት ያስፈልጋል፤ ከመነሻው ቀን ጀምሮ ቢያንስ 6 ወር የሚቆይ ይሁን። ቪዛው በእጃችሁ ሳይገባ ትኬት አትግዙ። ስታመለክቱ በየብስ በደወሌ በኩል እንደምትገቡና በአየር እንደምትወጡ ግለጹ፤ ፈቃዱ ለሁለቱም በር የሚሠራ መሆኑን አረጋግጡ። የመመለሻው የአውሮፕላን ትኬት አስቀድሞ መቆረጡ እዚህ ላይም ይጠቅማል፤ የድንበር ሠራተኛ «መቼ ትወጣላችሁ?» ሲል የሚታይ ነገር በእጃችሁ አለ።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ልጅ የአባቱንና የአያቱን ስም ይዞ ይሄዳል፣ ሚስትም የባሏን ስም አትወስድም። በፈረንሳይኛ ሥርዓት የሠለጠነ ሹም አራት ፓስፖርት ሲገለጥለት የእናትና የልጅ ስም ፈጽሞ አይገጥምለትም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሁለቱንም ልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የእናትየው ስም የተጻፈበትን፣ ከተረጋገጠ ትርጉም ጋር ያዙ። ከወላጆች አንዱ የሚቀር ከሆነ ደግሞ የቀረው ወላጅ መስማማቱን የሚገልጽ የተረጋገጠ ሰነድ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ሥጋት አለባቸው ከሚባሉት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች ጅቡቲ ካርዱን ትጠይቃለች፤ ከ1 ዓመት በላይ የሆነው ሁሉ መያዝ አለበት። ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ጥር 20 የሚነሳ ሰው ጥር 15 ቢከተብ ካርድ ይዞም እንደሌለው ይቆጠራል። አንድ ጊዜ ከተወሰደ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ስለዚህ ታኅሣሥ ላይ ጨርሱት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

አሁን ወደ ባቡሩ። ፉሪ መኖራችሁ ትልቅ ዕድል ነው። ከለገጣፎ ወይም ከሱሉልታ የሚመጣ ሰው ከተማውን በሌሊት አቋርጦ ነው ፉሪ–ለቡ ጣቢያ የሚደርሰው። መስመሩ ከሰበታ እስከ ነጋድ፣ የጅቡቲው ጣቢያ፣ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ለንግድ አገልግሎት የተከፈተው በ2010 ዓ.ም. ነው። ትኬት መቁረጫው መስኮት ላይ፣ ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ በአካል ሄዳችሁ፣ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ በዚያ ቀን የሚነሳው ባቡር እስከ ነጋድ ይሄዳል ወይስ ድሬዳዋ ላይ ያበቃል? የመንገደኛ ባቡር በየቀኑ ስለማይነሳና ፕሮግራሙ ስለሚቀያየር ያለፈው ወር የሄደ ዘመድ የነገራችሁን አትመኑ። ሁለተኛ፣ ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት በየትኛው አቆጣጠር ነው? 08:00 ማለት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ቀልድ ይመስላል፤ ግን በዚህ የተነሳ ባቡር የሚያመልጠው ሰው አይጠፋም። ጅቡቲ ስትገቡ የሰዓት ለውጥ የለም፤ ነገር ግን ሁሉም የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ከሹፌርና ከጀልባ ባለቤት ጋር ስትቃጠሩ በዚያው ተስማሙ። ሦስተኛ፣ መኝታ አለ ወይ? ከተራው ወንበር ሌላ ስድስት አልጋ ያለበት ክፍልና አራት አልጋ ያለበት የተሻለ ክፍል አለ። ለአራት ሰው ቤተሰብ ባለ አራት አልጋው ይመረጣል፤ በር ዘግታችሁ ልጆቹን ታስተኛላችሁ።

ጣቢያው ላይ ዕቃ በመሣሪያ ይፈተሻል። ቢላዋ፣ የካምፕ ጋዝ፣ ክብሪት ቤት ይቅር። ልብስ በድርብ በድርቡ ልበሱ፤ በጥር ንጋት ላይ ፉሪ ብርድ ነው፣ ከቀትር በኋላ ድሬዳዋ አካባቢ በሸሚዝ ያልባል። መንገዱ ከ2,200 ሜትር በላይ ተነስቶ እስከ ባሕር ወለል የሚወርድ ስለሆነ በአንድ ቀን ሦስት አየር ታልፋላችሁ። ባቡሩ ቢዘገይ አትደነቁ። ከሚኤሶ ወዲያ መስመሩ የግጦሽ አገር ያቋርጣል፤ ግመልና ከብት ሐዲዱ ላይ ይወጣል፤ ከተገጨ ባቡሩ ይቆማል። የኤሌክትሪክ ባቡር ስለሆነ ኃይል ሲቋረጥም እንዲሁ። ለዚህ ነው መመለሻውን በባቡር አታድርጉት ያልኩት፤ ሲሄዱ መዘግየት ያበሳጫል፣ ሲመለሱ መዘግየት ግን ሥራና ትምህርት ቤት ያስቀራል።

ለልጆቹ በመስኮት የምታሳዩት አንድ ነገር አለ። ፉሪ ላይ የዘነበው ውኃ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ይገባል። ባቡራችሁ አዋሽን ተከትሎ ይወርድና ከአዋሽ ከተማ በኋላ ወንዙ ወደ ሰሜን፣ እናንተ ወደ ምሥራቅ ትለያያላችሁ። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ በጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው በፀሐይ ይተናል። እናንተ ግን ትደርሳላችሁ።

ባቡሩ ድሬዳዋ ላይ የሚያበቃ ከሆነ እዚያ እደሩ። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ አውቶቡስ አለ፤ ብዙው ሙቀቱን ለመሸሽ በሌሊት ይጓዛል፣ ከልጆች ጋር ግን የሚቀጥለውን ባቡር መጠበቅ ይሻላል። ድሬዳዋ ላይ አጎበርና የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት ካልያዛችሁ ግዙ። ይህን የምለው በልማድ አይደለም። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የሚባለው ከእስያ የመጣ የወባ ትንኝ በአፍሪካ መጀመሪያ የተገኘው ጅቡቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ በ2022 ደግሞ ድሬዳዋ ላይ በደረቅ ወቅት ወባ እንዲነሳ አደረገ። ይህኛው ትንኝ ረግረግ አይፈልግም፤ በበርሜል፣ በሮቶና በጀሪካን ውኃ ውስጥ ከተማ መሐል ይራባል። «በጋ ነው፣ ከተማ ነው» ብሎ መዘናጋት አይሠራም። ስለ መከላከያ ክኒን በተለይ ለ7 ዓመቱ ልጅ ሐኪም አማክሩ፤ መጠኑ በክብደት ነው የሚሰጠው።

የነጋድ ጣቢያ ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ያለ ነው። ታክሲ ስትይዙ ከመሳፈር በፊት ዋጋ ተስማሙ። ገንዘቡ የጅቡቲ ፍራንክ ነው፤ ከዶላር ጋር በቋሚ ምንዛሪ የታሰረ ሲሆን 1 ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው። ስለዚህ ለ100 ዶላር የሚሰጣችሁ ወደ 17,700 ፍራንክ ካልተጠጋ ተጭበርብራችኋል ማለት ነው፤ የዕለት ምንዛሪ መከታተል የለም፣ ይህን አንድ ቁጥር መያዝ ይበቃል። ዶላሩን ከመነሳታችሁ በፊት ከባንክ፣ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት አቅርባችሁ ግዙ። ያልተቀደደና ያልተጻፈበት ኖት ምረጡ። ወደ ታጁራ ስትሻገሩ ለሦስቱ ቀን የሚበቃችሁን በጥሬ ገንዘብ ያዙ።

ከተማዋ ውድ ናት። ከባሕር ማዶ የማይመጣው ከእኛ ይመጣል፤ አትክልቱና ጫቱ ብቻ ሳይሆን ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከመብራቱ ብዙው፣ ከ2017 ወዲህም ከቧንቧ ውኃው ከፊሉ ከኢትዮጵያ ነው። ከወጪያችሁ ትልቁ ሆቴል እንዳይመስላችሁ፤ ላንድክሩዘር ከነሹፌሩ መከራየት ነው። ሌላ ቤተሰብ ካገኛችሁ ተካፈሉ። በጅቡቲ ከተማ አማርኛ የሚሰማ ሰው ስለማይጠፋ በቋንቋ ብዙ አትጨነቁ። ዓርብና ቅዳሜ የሳምንቱ ዕረፍት ነው፣ መሥሪያ ቤት ይዘጋል፣ የጀልባ ቦታም በከተማው ሰው ይሞላል። በዚህ ምክንያት ከፉሪ ሰኞ ብትነሱ ይመረጣል፤ የከተማው ሰው ባሕር በሚወርድበት ቀን እናንተ ታጁራ ትሆናላችሁ፣ ጀልባ የምትፈልጉበት እሑድ ደግሞ ለእነሱ የሥራ ቀን ነው። ወደብን፣ አውሮፕላን ማረፊያን፣ የጦር ሰፈርንና የባቡር ጣቢያን ፎቶ አታንሱ፤ ልጆቹንም አስጠንቅቁ፣ ስልክ ይወሰዳል።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ታጁራ በየብስ ውጡ። 170 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ሳይቆሙ 3 ሰዓት ይፈጃል። በፌሪ ባሕረ ሰላጤውን ማቋረጥም ይቻላል፣ ግን ሲሄዱ መኪናውን፣ ሲመለሱ ፌሪውን ምረጡ፤ ምክንያቱም አሰል ሐይቅና ጉቤት የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ያሉት በመኪናው መንገድ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ከእኛ ከባድ መኪኖች ጋር ነው የምትጋሩት፤ ሹፌሩ እንዲቀድም አትገፋፉት።

አሰል ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ከአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ነው። ጨውነቱ የባሕርን 10 እጥፍ ያህላል። በግንቦት ወይም በሰኔ ቢሆን ከንጋት በፊት ደርሳችሁ ውጡ እል ነበር፤ በጥር ግን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከጅቡቲ ብትነሱ በቂ ነው። ለመታጠቢያ ብቻ 20 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጀሪካን ጫኑ። ለመጠጥ ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ 3 ሊትር። የሐይቁ ዳር ጨው እንደ መስታወት ስብርባሪ ይቆርጣል፤ ነጠላ ጫማ ከእግር ይወልቃል፣ ማሰሪያ ያለው ጫማ ይሁን። የዚያን ቀን ጠዋት ጢምም ሆነ ሌላ አትላጩ፤ የተላጨ ቆዳ ላይ እንዲህ ያለ ጨው ምን እንደሚያደርግ መገመት አያቅትም። ውኃው ሰውን ስለሚያንሳፍፍ «መስጠም የለም» ብለው ልጆች ይሯሯጣሉ። አደጋው መስጠም አይደለም፤ በሆድ መገልበጥና ዓይንና አፍ ውስጥ መግባቱ ነው። በጀርባ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ ወላጅ አጠገብ። ለመነሳት ጉልበትን ወደ ደረት ሰብስቦ እግርን ወደ ታች መላክ ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ አትሹት፣ ከጠርሙስ ንጹሕ ውኃ አፍስሱበት። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ከወጣችሁ በኋላ ሳትታጠቡ መኪና ውስጥ ከገባችሁ እስከ ታጁራ ታሳክካላችሁ።

ከአሰል ወደ ጉቤት ስትመለሱ ጥቁሩ ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ነው፤ አርዱኮባ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1978 ፈንድቶ ነበር። ምድሪቱ እዚህ እየተሰነጠቀች ነው፤ የእኛ ስምጥ ሸለቆ ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ስንጥቆች ጋር የሚገናኘው በዚሁ አካባቢ ነው። ጉቤት ከላይ ሲያዩት የተኛ ሐይቅ ይመስላል፤ ከባሕረ ሰላጤው ጋር የሚገናኝበት ጠባብ በር ግን ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ኃይለኛ ጅረት ያመጣል። እዩት፣ አትዋኙበት።

ታጁራ ነጭ የተቀቡ ቤቶች፣ በርካታ ትናንሽ መስጊዶች፣ ከኋላዋ ተራራ፣ ከፊቷ ባሕር ያላት የአፋር ሱልጣኔት ጥንታዊ ከተማ ናት። ከሸዋ ጋር ያላት ዝምድና የቆየ ነው፤ ወደ አንኮበር የሚወጣው የሲራራ መንገድ ከዚህ ነበር የሚነሳው። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ የጫነውን ሲራራ ይዞ ከታጁራ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1886 መጨረሻ ነው፤ አንኮበር የደረሰው በ1887 መጀመሪያ፣ አራት ወር ገደማ ፈጅቶበት ነው። ምኒልክ ግን እዚያ አልነበሩም። ባቡራችሁ ቢዘገይ ይህን አስቡ።

ከተማዋ ሰላማዊ ናት፤ ግን አጥባቂ ናት። ሴቶች ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ይልበሱ፤ የዋና ልብስ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ነጭ አሸዋ ዳርቻ ላይ ብቻ። ሰው ፎቶ ከማንሳት በፊት ጠይቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር የምትገቡት እዚያ ነጩ አሸዋ ላይ፣ ጠዋት፣ ይሁን። በዚህ ወቅት ነፋሱ ከምሥራቅ ነው፤ ንጋት ላይ ውኃው ጸጥ ይላል፣ ከቀትር በኋላ ሞገዱ ይነሳል። ስለዚህ ቀናችሁን ገልብጡት፦ ከ12 ተኩል እስከ 4 ሰዓት ባሕር፣ ከዚያ ጥላ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ከተማ። ከተማውም ራሱ በዚህ ሰዓት ነው የሚኖረው፤ ቀትር ላይ ሱቅ ይዘጋል፣ ጫት ይመጣል፣ ጉዳይ አይሠራም።

ሐይቅ የለመደ ሰው ባሕር ላይ የሚስተው አንድ ነገር የውኃው መሙላትና መጉደል ነው። ላንጋኖ ጠዋትም ማታም ያው ነው። እዚህ በአብዛኛው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ልዩነቱ ከ2 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ልጁ ጠዋት የቆመበት ቦታ ከሦስትና አራት ሰዓት በኋላ አያስቆመውም። የሙሌቱን ሰዓት ከዓሣ አጥማጆች ጠይቁ፣ ጫማና ቦርሳ ከእርጥቡ አሸዋ በላይ አኑሩ። ኮራል ባለበት ቦታ ሲጎድል አትግቡ፤ ለመቆም ስትሞክሩ ይቆርጣችኋል፣ እናንተም የዘመናት ዕድገቱን ትሰብሩታላችሁ።

ውኃ ውስጥ ሁልጊዜ ወፍራም ሶል ያለው የውኃ ጫማ ይደረግ። የባሕር ጃርት አለ፣ ድንጋይ መስሎ የሚተኛ መርዘኛ ዓሣም አለ። መርዘኛው ከወጋ ሕመሙ ኃይለኛ ነው፤ የተወጋውን እግር ቆዳ ሳያቃጥል የሚቻለውን ያህል ሙቅ ውኃ ውስጥ፣ 45 ዲግሪ አካባቢ፣ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ማቆየት ሕመሙን ይቀንሳል፤ ከዚያ ወደ ሐኪም። የውኃውን ሙቀት ያልተጎዳ ሰው በእጁ ይፈትሸው፣ የታመመው አይለይም። አንድ ቴርሞስ ሙቅ ውኃ መኪና ውስጥ ይኑር፤ ካልተፈለገ ሻይ ይሆናል።

ከታጁራ ሁለተኛው ቀን ለገጠሩ ነው። ጎዳ ተራሮች ላይ፣ 1,500 ሜትር አካባቢ፣ ዳይ ደን አለ። ዛፉ የምታውቁት ነው፤ ከሰበታ በላይ መናገሻ–ሱባ ደን ውስጥ ያለው የሐበሻ ጥድ። ልዩነቱ እዚህ ብዙው ደርቆ ቆሟል፦ ዝናብ ቀነሰ፣ ከብት ቡቃያውን ጨረሰው፣ ሰው ቆረጠው። ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ልጆቹን ወደ ሱባ ውሰዷቸው፤ ዳይ ላይ ሲቆሙ ያለ ማብራሪያ ይገባቸዋል። የጅቡቲ ቆቅ በዓለም ላይ ያለችው በእነዚህ ተራሮችና በአጎራባቹ ማብላ ብቻ ነው፤ ንጋት ላይ ድምጿ ይሰማል፣ ራሷን ማየት ዕድል ይጠይቃል። መንገዱ ላንድክሩዘር ይፈልጋል። ባንኩዋሌ ወይም ዲቲሉ ከሰሌን በተሠራ የአፋር ጎጆ ማደር ይቻላል፤ ሆቴል አይደለም፣ አልጋና ፍየል ጥብስ ነው፣ ሌሊቱም ይበርዳል፣ በባቡር የለበሳችሁትን ጃኬት እዚህ ታወጡታላችሁ። ከሦስቱ ሌሊት አንዱን እዚህ ብታደርጉት የጉዞው ምርጥ ሌሊት ይሆናል። ከተረገጠ መንገድ አትውጡ፤ ሰሜኑ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ጦርነት የነበረበት አገር ነው፣ ፈንጂ ቢጸዳም እረኛ የማይሄድበት ቦታ ለመዝናኛ አይኬድም።

ስለ ኦቦክ። ከታጁራ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ መንገዱ ጥሩ ነው። ፈረንሳይ በ1862 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የያዘችው ቦታ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ራስ ቢር ላይ የመብራት ማማ አለ። ታሪክ ለሚወድ አዋቂ ይመከራል። ለእናንተ ግን በዚህ ጉዞ አልመክርም። ይህ መንገድ ወደ የመን የሚሻገሩ ወገኖቻችን በእግር የሚሄዱበት ነው፤ በበጋም በበረሃም ውኃ የያዘች ላስቲክ አንጠልጥለው ታዩአቸዋላችሁ። ፖሊስ ኢትዮጵያዊ ፊት ሲያይ አስቁሞ ይጠይቃል፤ ፓስፖርታችሁን ሆቴል ትታችሁ ከሄዳችሁ ስደተኛ አለመሆናችሁን ማስረዳት የእናንተ ሥራ ይሆናል። የ7 ዓመት ልጅም መጠየቁ አይቀርም፣ መልሱን አስቀድማችሁ ካላሰባችሁ ይከብዳል። ከሄዳችሁ ግን ውኃ ስጡ፤ መኪና ላይ አታሳፍሩ፣ ሹፌሩ በሰው አዘዋዋሪነት ሊያዝ ይችላል። ታጁራ ዙሪያም ቢሆን ፓስፖርቱ ከኪስ አይለይ።

ወደ ጅቡቲ በፌሪ ተመለሱ፤ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። በየቀኑ የለም፣ ነፋስ ሲበረታም ይቀራል፤ ታጁራ በደረሳችሁበት ዕለት የሚነሳበትን ቀን ጠይቁና ካልገጠመ መኪናውን አስቀሩ። ማስመለስ የሚይዘው ልጅ መካከሉ ላይ፣ ከቤት ውጭ፣ አድማሱን እያየ ይቀመጥ፤ ስልክ አይታይ።

ሰባተኛውን ቀን ለጀልባ ተዉት። ከኅዳር እስከ ጥር ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ የባሕር ላይ ደቃቅ ምግብ ለመልቀም ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይመጣል፤ በአርታ ዳርቻ በኩል ይታያል። እዚህ የሚመጡት አብዛኞቹ ያልጎለመሱ ናቸው፣ ርዝመታቸው ከ3 እስከ 5 ሜትር። ሰው አይነክሱም። የእናንተ ቀን የወቅቱ ጭራ ላይ ስለሚውል ላታገኙ ትችላላችሁ፤ ዋስትና የሚሰጣችሁን ባለ ጀልባ ተጠራጠሩ። ከመክፈላችሁ በፊት ላይፍ ጃኬቱን አስወጥታችሁ ለልጆቹ አልብሱና ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡ፤ ጆሮ ላይ ከደረሰ ሰፍቷል፣ በልካቸው ከሌለ ጀልባው አይሆንም። ትንሹ ልጅ ጀልባው ላይ ይቅር፤ ዓሣው ላይ ላዩን ስለሚዋኝ ከዚያ ይታየዋል። የ12 ዓመቱ በላይፍ ጃኬት፣ ከእርስዎ ጋር እጅ ለእጅ ይግባ። ከአካሉ 3 ሜትር፣ ከጅራቱ 4 ሜትር ራቁ፣ አትንኩ፣ ከፊት አትቅደሙ፤ ካስደነገጡት ይሰምጥና ቀኑ አለቀ። ጀልባው ሞተር እያስጮኸ የሚያሳድድ ከሆነ አስቁሙት።

የመዋኛ መነጽሩን ከፉሪ ይዛችሁ ሂዱ። ሲገዙ ማሰሪያውን ሳታጠልቁ ፊት ላይ አድርጋችሁ በአፍንጫ ወደ ውስጥ ሳቡ፤ እጅ ስትለቁ ካልወደቀ ልክ ነው። ፀጉር ከሥሩ ከገባ ወይም ጢም ካለ ውኃ ያስገባል። ከአሁን እስከ ጥር ድረስ ልጆቹን አራትና አምስት ጊዜ መዋኛ ገንዳ ውሰዷቸው፤ የሚማሩት ሁለት ነገር ብቻ ነው፣ በጀርባ መንሳፈፍና ፊትን ውኃ ውስጥ አድርጎ በቱቦ መተንፈስ። የቢሾፍቱ ሐይቆች ለዚህ አይሆኑም፤ ከዳር ወዲያው ይጠልቃሉ።

እርስዎ ወይም ባለቤትዎ በታመቀ አየር ሲሊንደር መጥለቅ ለመሞከር ካሰባችሁ ቅደም ተከተሉ ለሕይወት ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ከጠለቁ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት፣ 24 ቢሆን ይሻላል፣ አውሮፕላን አይሳፈሩም፣ ከፍታም አይወጡም፤ ደም ውስጥ የተሟሟው ናይትሮጅን ግፊት ሲቀንስ እንደ ለስላሳ መጠጥ አረፋ ይሠራል። አዲስ አበባ ከ2,200 ሜትር በላይ ናት፤ አርታና ዳይም ኮረብታ ናቸው። ስለዚህ ዳይ ቀድሞ፣ መጥለቅ ቀጥሎ፣ መካከሉ የዕረፍት ቀን፣ ከዚያ በረራ። በ8 ቀን ይህ አይገጥምም፤ በመነጽርና በቱቦ ላይ ላዩን ማየት ግን ይህ ችግር የለበትም።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም። ከመሐል ተሰንጥቆ በምድጃ የተጋገረውን የየመን ዓሣ ከትኩስ ቂጣው ጋር ብሉ፣ በእጅ። በጥር መጨረሻ ከረቡዕና ዓርብ በቀር ፍስክ ሊሆን ይችላል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ የሚሄድ ሰው ግን ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ላይ ስለሚወድቅ፣ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ከንስሐ አባቱ ጋር ቤቱ ሳለ ይጨርስ። ለልጆቹ በሶ ያዙ። ሽሮም ብትይዙ ባሕር ወለል ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ ነው የሚፈላው፣ ፉሪ ላይ 92 ገደማ ነው፤ ቶሎ ይበስላልና እንዳያርርባችሁ።

በስምንተኛው ቀን ሻንጣ ስታሰናዱ የልጆቹን ኪስ ፈትሹ። ኮራል ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ ነው፤ ሞቶ ዳር የወጣውም ቢሆን እዚያው ይቅር። ከአሰል የገዛችሁትን የጨው እንክብል መውሰድ ትችላላችሁ። በሁለት ላስቲክ ጠቅልሉት፣ ፉሪም ስትደርሱ ከመስኮት ዳር አታስቀምጡት፤ ክረምት ሲገባ ያልባል።